ንጉሥ ላሊበላ

ተማሪዎች ሆይ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ ከተማ ስለሚከበረው የገና በዓል ሳትሰሙ አትቀሩም። በዚያ ማለዳ ካህናቱ በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ የቤተ ማርያምን ግቢ በከበበው የዐለት አፋፍ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች በግቢው ቆመው ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። በላስታ ዕለቱ ድርብ በዓል ነው፤ ንጉሥ ላሊበላም በዚሁ ቀን እንደ ተወለደ ይታመናልና። ለመሆኑ ይህ ንጉሥ ማን ነበረ?

ላሊበላ ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የገዛ የዛጉዌ ንጉሥ ነው። የተወለደባት ሮሃ ኋላ በስሙ ተጠርታ እስከ ዛሬ ላሊበላ ትባላለች።

እንደ አፈ ታሪኩ፣ ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ መጥቶ ከበበው፤ የስሙም ትርጓሜ ንቦች ንግሥናውን ዐወቁለት ማለት ነው ይባላል። በዙፋን ላይ የነበረው ወንድሙ ሐርቤ ይህን ሰምቶ ሠጋ። እኅቱም መርዝ ሰጠችው። ላሊበላ 3 ቀን እንደ ሙት ተኝቶ ሳለ፣ ነፍሱ ወደ ሰማይ ተወስዳ ከዐለት የሚፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት አየ። ከዚያም ተሰደደ፤ መስቀል ክብራን አገባ። በመጨረሻ ሐርቤ ተጸጽቶ ዙፋኑን ለቀቀለት። ሕንጻውም ሲሠራ ሰዎች ቀን፣ መላእክት ሌሊት ይሠሩ ነበር ይባላል።

ይህ ሁሉ የሚገኘው ንጉሡ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ከተጻፈው ገድሉና ከሕዝቡ አንደበት ነው። ከራሱ ዘመን የቀረልን ጽሑፍ ግን ጥቂት ነው፤ ከዚህም አንዱ በኤርትራ፣ በሽመዛና በሚገኘው በደብረ ሊባኖስ ገዳም ወርቃዊ ወንጌል የሰፈረው የጉልት ስጦታ ነው። በዚያ የምናገኘው ንብና መርዝ ሳይሆን መሬት የሚሰጥ ገዥን ነው።

ሦስተኛው ምስክር ዐለቱ ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከቀይ የእሳተ ገሞራ ዐለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ትልቁ ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ 33 ሜትር ያህላል። ከላይ ወደ ታች የሚፈለፍል ሠራተኛ ያለ ቦታው የቆረጠውን ዐለት መልሶ መቀጠል አይችልም። አንዳንድ ሊቃውንት ከሕንጻዎቹ ከፊሉ ከላሊበላ በፊት እንደ ተጀመረ ይገምታሉ። በመዶሻና በመሮ የደከሙትን የእነዚያን ጠራቢዎች ስም ግን ገድሉም መዝገቡም አላቆየልንም።

እንግዲህ አፈ ታሪኩን እንናቀው? አይደለም። ሕዝቡ መላእክትን ከሠራተኞቹ ጋር ማሰለፉ ሥራውን ምን ያህል እንዳከበረው ያስረዳል። ነገር ግን የሌሊቱን ሥራ ለመላእክት ስንሰጥ የቀኑን ላብ እንዳንረሳ መጠንቀቅ አለብን።

እናንተም የአካባቢያችሁን ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ በምትጽፉበት ጊዜ፣ ከሽማግሌ የሰማችሁትን ይባላል፣ ከመዝገብ ያገኛችሁትን ተጽፏል፣ በዓይናችሁ የተመለከታችሁትን አይተናል ብላችሁ ለዩ። ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ካሉም፣ ቢያንስ ሥራቸውን ጻፉላቸው።