የዋጉ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስና የወታደር ክብር ልብስ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ ወታደር ልብስና ስለ ሠራዊት ኩራት ለመጻፍ ባሰብሁ ጊዜ፣ የሩቅ አገር ጦር ከመፈለግ ይልቅ ከፃግብጂ እስከ ሰቆጣ ስማቸው የሚነሣውን ዋግሹም ጎበዜን መረጥሁ።

በእሳቸው ዘመን የኢትዮጵያ ወታደር አንድ ዓይነት ልብስ አልነበረውም። ተራው ሰው በገዛ ሸማው፣ በገዛ ስንቁ ይዘምት ነበር። ጀግናው የሚለየው በሽልማት ነው፤ ግዳይ የጣለ የአንበሳ ጎፈር ይደፋል፣ ለምድ ይደርባል፤ የታላቅ መኰንን ጋሻ በብር ይለበጣል። ለምዱን የሚያለብስ ጌታው ስለሆነ፣ ወታደሩ የሚኰራው በክፍለ ጦሩ ስም ሳይሆን በሸላሚው ነበር።

የዋግ ሰው ደግሞ ሌላም የሚኰራበት ነበረው። ዋግሹሞች ከዛጔ ነገሥታት ስለሚወለዱ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር መቀመጥ፣ ነጋሪትም ማስመታት እንደ ተፈቀደላቸው ይነገራል። ይህ ክብር ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ የቤቱ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ጎበዜ፣ አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ስለ ተገደሉባቸው ሸፈቱ። ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አሳደሱ። ነገር ግን የሚቀባቸው ጳጳስ አላገኙም፤ የትግሬው ካሳ ምርጫም አልገበሩላቸውም። ካሳ የሚስታቸው የወይዘሮ ድንቅነሽ ወንድም ነበሩ።

እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ ለካሳ መድፍና ጠመንጃ ትተውላቸው ነበር። ኪርክሃም የሚባል እንግሊዛዊም ወታደሮቻቸውን ሰልፍ አስተማረ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ሁለቱ አማቾች በአድዋ አጠገብ ተጋጠሙ። የንጉሡ ጦር 60,000፣ የካሳ 12,000 ያህል ነበር ይባላል። ተክለ ጊዮርጊስ ቆስለው ተማረኩ፤ ያ ሁሉ ሠራዊትም ተበተነ።

የመሣሪያው ብልጫ ብዙ እንደ ሠራ አልክድም። ነገር ግን አምስት እጥፍ የሚሆን ሰው አንድ ሰው ስለ ተያዘ ለምን ፈረሰ? እኔ እንደሚመስለኝ ለምድ ለባሹ ዓይኑ በሸላሚው ላይ ነበር፤ ሸላሚው ሲወድቅ ጀግንነቱን የሚያይለት አጣ። ሰልፍ የተማረው ግን ጎን ለጎኑ የቆመውን ጓደኛውን ያያል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የሄደውን የቃኘው ሻለቃ አስቡ። ስሙ የራስ መኰንን ፈረስ ስም ነው። ሻለቃዎቹ በየተራ ሲተካኩ አዛዦቹ ተለወጡ፣ ስሙ ግን አልተለወጠም። አንድም ምርኮኛ ለጠላት አልሰጡም።

ካሳ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ተክለ ጊዮርጊስ በእስር ሳሉ ዐረፉ። ለምድና ሽልማት የሰጧቸው መኳንንት ሌላ ጌታ መፈለግ ነበረባቸው።

የዋግሹም ቤት ግን አልጠፋም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር ሲዋጉ፣ ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ሰው ይዘው ተሰልፈው ነበር። ጦርነቱም የሆነው ጎበዜ በተማረኩበት በዚያው በአድዋ አገር ነው።