ከቀዶ ጥገናው ክፍል ባሻገር፦ የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በአምባ መቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የእንግሊዝ መኮንኖች ከወላጆቹ የተለየ ሕፃን አግኝተው ወደ ሕንድ ወሰዱት። ሕፃኑ በጎንደር የተወለደው ወርቅነህ እሸቴ ነበር። ኮሎኔል ቻምበርሌን አሳደገው፤ እርሱም ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን ለትምህርቱ ስለ ከፈለለት፣ ልጁ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ።

ወርቅነህ በ1882 እ.ኤ.አ. ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። ክሎሮፎርም በ1847 እ.ኤ.አ. ለሰመመን በዋለባት በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አስፋፍተው፣ በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እርሳቸው ናቸው። ከዓድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፍለጋ መጥተው፣ በአዲስ አበባ ድንኳን ተክለው ሕመምተኛውን በነፃ ያክሙ ጀመር። በዚያም ዘመዶቻቸው በአካላቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለዩዋቸው፤ የጠፋው ስማቸውም ተመለሰላቸው።

ይሁን እንጂ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ብቻ አልተወሰኑም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ደከሙ፤ የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ ጻፉ፤ የውጭ ዜጎች ጉዳይ በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት በዳኝነት ተቀመጡ፤ ጨርጨርንም አስተዳደሩ። በፋሺስት ወረራ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለአገራቸው ተሟገቱ፤ ከሕፃንነታቸው የወሰዳቸውን መንግሥት ቋንቋ ለወገናቸው ጥብቅና አዋሉት።

ዋጋውም ከባድ ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ መሐንዲሶች የነበሩት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ፤ አባት በባዕድ አገር ሳሉ መርዶው ደረሳቸው። አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ተመልሰው፣ በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ዛሬ የሰመመን ሕክምና ባለሙያ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጥቶ በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በድንገተኛ ሕክምና፣ ምጥ የያዛትን እናት ሥቃይ በማስታገሥና በማስተማር ሥራ ይገኛል። ይህን ከሙያው መራቅ አድርጎ የሚያይ ቢኖር፣ የሐኪም ወርቅነህን ሕይወት ይመልከት። እርሳቸው ከድንኳናቸው ወጥተው ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ችሎቱና ወደ ለንደን ሲሄዱ ሕክምናን አልተዉም፤ ሕመምተኛው ወዳለበት ሁሉ ተከተሉት እንጂ።