ሮበርት ሁክና የዝንብ ዓይን

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ንብን የማያውቅ ሰው የለም፤ ዓይኗን አጥርቶ ያየ ግን ጥቂት ነው። በባዮሎጂ ትምህርታችን ለሴል ስም ያወጣ መሆኑን የተማርነው ሮበርት ሁክ ታናናሽ ነፍሳትን አጉልቶ ለማሳየት እጅግ የደከመ ሊቅ ነበር።

ሁክ እ.ኤ.አ. በ1635 በእንግሊዝ አገር፥ በዋይት ደሴት፥ ከቄስ ቤት ተወለደ። በ1663 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ በማይክሮስኮፕ ያየውን በየስብሰባው እንዲያቀርብ አዘዘው፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ በሊቃውንት ፊት ይመረመር ነበር።

ሊሥላት የፈለጋት ጉንዳን አልቆም ብትለው በብራንዲ አሰከራት፤ አንድ ሰዓት ያህል ተኝታ ነቃችና ሮጠች። የዝንብም ዓይን በአንድ ብርሃን ቀዳዳው የበዛ ወንፊት፥ በፀሐይ ጊዜ ግን የወርቅ ምስማር የተመታበት ገጽ መስሎ ታየው። ስለዚህ ብርሃኑን እየለዋወጠ፥ ነፍሳቱንም እያገላበጠ እውነተኛውን መልክ ሳይረዳ መሣል አይጀምርም ነበር። ይህ ትጋቱ በ1665 በታተመው ማይክሮግራፊያ በተባለው መጽሐፉ ታየ። በ1703 አረፈ።

እኛ ዛሬ በእጅ ስልክ አበባ ላይ ያለች ንብ አንሥተን፥ ጓደኛችን ጥላው ዓይኗን እንደ ሸፈነው ቢነግረን እንቀየማለን። ከሁክ ሕይወት ግን ሌላ እንማር፤ የሚያርመንን እናመስግን፥ ብርሃኑንም ለውጠን ዳግመኛ እናንሣ።