በር እያንኳኳ የቆጠረው ዱ ቦይስ

በ1896 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ፍሬደሪክ ሆፍማን የሚባል የፕሩደንሻል ኢንሹራንስ ኩባንያ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ስለ አሜሪካ ጥቁሮች በሠንጠረዥ የታጨቀ መጽሐፍ አሳተመ። መደምደሚያው ጥቁሮች ከነጮች በላይ የሚሞቱት በተፈጥሯቸው ደካማ ስለሆኑ ነው፣ እየመነመኑም ይሄዳሉ የሚል ነበር። ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጥቁር ደንበኛን ላለመቀበል ሳይንስ የሚመስል ምክንያት አገኙ። ፕሩደንሻል ራሱ ከ1881 ጀምሮ ጥቁሩን እንደ ነጩ እኩል እያስከፈለ፣ ሲሞት ግን ለቤተሰቡ የሚከፍለውን በአንድ ሦስተኛ ይቀንስ ነበር።

ሆፍማን ቁጥር አልፈለሰፈም። ከቆጠራና ከሞት መዝገብ ነው የቀዳው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

በዚያው ዓመት አንድ የ28 ዓመት ወጣት ፊላደልፊያ ገባ። ዊሊያም ኤድዋርድ በርጋርት ዱ ቦይስ የተወለደው በ1868 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ግሬት ባሪንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ጥለውት ሄደው እናቱ ናቸው ያሳደጉት። ፊስክ ተማረ፣ ሃርቫርድ ገባ፣ ከዚያ በርሊን ሁለት ዓመት ቆየ። እዚያ ከነጉስታቭ ሽሞለር የተማረው መጀመሪያ መረጃውን ሰብስብ፣ መደምደሚያው በኋላ ይደርሳል የሚለውን አካሄድ ነው። በ1895 ከሃርቫርድ ዶክትሬት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ።

የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ሰባተኛ ቀበሌ የሚኖሩትን ጥቁሮች እንዲያጠና ቀጠረው። በዚያ ሁሉ ትምህርት ላይ የተሰጠው ማዕረግ ረዳት መምህር ነው፤ የሚያስተምረው ተማሪ ግን አልነበረም። ከሚስቱ ከኒና ጋር እዚያው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየ። ከዚያ መጠይቁን ይዞ በር ማንኳኳት ጀመረ። ወደ 2,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ራሱ ዞሮ ጠየቀ። የት ተወለድክ? ምን ትሠራለህ? ኪራይ ስንት ትከፍላለህ? ማንበብ ትችላለህ?

እኛ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠን ዳታ የምናወርድ ሰዎች እዚህ ጋ ትንሽ ብንቆም ጥሩ ነው። ልደትና ኪራይ፣ ሥራና በሽታ ከአንድ ቤት ሲሰበሰቡ አንዱ ሌላውን ማስረዳት ይጀምራል። ዱ ቦይስ ያየው ሰዎቹ ለባሰ ቤት የበለጠ ኪራይ እንደሚከፍሉ፣ የተማረው ልጅ እንኳ ጥሩ ሥራ ፊት በሩ እንደሚዘጋበት ነው። የሞቱ ቁጥር ከዚህ ሁሉ ተነጥሎ ብቻውን ሲቆም የደም ጉዳይ ይመስላል። በነገራችን ላይ የእኛም ነገር ከዚህ ሩቅ አይደለም። የአሜሪካ ቆጠራ ቅጽ በ2020 ጥቁር ከሚለው ሳጥን ሥር ኢትዮጵያዊን በምሳሌ ጠቅሶ የመጻፊያ መስመር ጨመረ። ከዚያ በፊት በነበረው የ2010 ቅጽ ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣችው ነርስና አምስት ትውልድ ባልቲሞር የኖረው ቤተሰብ ያው አንድ ሳጥን ነበሩ።

በ1897 ዱ ቦይስ የሆፍማንን መጽሐፍ ገመገመ። ስድብ አልጻፈም። ማነፃፀሪያውን ነው የቀየረው። የአሜሪካ ጥቁሮችን የሞት መጠን ከሙኒክ፣ ከኔፕልስ፣ ከማድሪድ ጎን አስቀመጠው። እነዚያ የነጮች ከተሞች በቅርብ ዓመታት ውስጥ እኩል ወይም የባሰ ሞት አሳይተዋል። ሞት የዘር ድክመት ምልክት ከሆነ የሙኒክ ሰው ምን ሊባል ነው? ሆፍማን ራሱ ትውልዱ ጀርመን መሆኑን ሳስበው ትንሽ ያስቀኛል።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በአሜሪካ ሆስፒታሎች የሚሠራበት አንድ አልጎሪዝም የሕመምን ክብደት የሚለካው በወጣው የሕክምና ወጪ እንደሆነ አሳየ። ለጥቁር ሕመምተኞች የሚወጣው ገንዘብ አነስተኛ ስለነበር ሞዴሉ ጤነኛ አድርጎ አያቸው። ዱ ቦይስ ቢኖር መጀመሪያ የሚጠይቀው ወጪው ለምን አነሰ ብሎ ይመስለኛል።

ራሱም ከዝንባሌ የጸዳ አልነበረም። በ1899 በወጣው የፊላደልፊያ መጽሐፉ ሕዝቡን በአራት ደረጃ ከፍሎ፣ የመጨረሻውን ወንጀለኛና ብልሹ ብሎ ፈርጆታል። ድሃውን ከላይ ወደ ታች የሚያይ የተማረ ሰው ዓይን አለበት። ይህን ሳይናገሩ እሱን ማሞገስ ልክ አይመስለኝም።

ለ1900ው የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ጋር ወደ 60 የሚሆኑ ቻርቶች በእጅ በቀለም ሠራ። አንዱ የአሜሪካ ጥቁሮችን መሃይምነት ከሩሲያ፣ ከሰርቢያና ከሮማኒያ ጋር አስተያየ። የእነዚያ አገሮች የባሰ ነበር። በሥራው የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ።

ይሁንና ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እምነቱ ተነቃንቆ ነበር። በ1899 ጆርጂያ ውስጥ ሳም ሆዝ የተባለ ጥቁር ሰው በመንጋ ተቃጥሎ ተገደለ። ዱ ቦይስ በመረጃ የተደገፈ አስተያየት ይዞ ወደ ጋዜጣ ቢሮ ሲሄድ የሟቹ የእጅ አጥንት ሱቅ ውስጥ ለዕይታ መቀመጡን መንገድ ላይ ሰማና ወደ ቤቱ ተመለሰ። በዚያው ወር ማግስት ሕፃን ልጁ በዲፍቴሪያ ሞተ።

ቢሆንም መቁጠሩን አልተወም። በ1906 የፌዴራሉ የሠራተኛ ቢሮ በአላባማ የላውንድስ አውራጃን እንዲያጠና አዘዘው። ከረዳቶቹ አንዳንዶቹን አንዳንድ ቦታ ጠመንጃ ነው የተቀበላቸው። ሆኖም ከ6,000 በላይ ቤተሰቦች ተጠየቁ፤ መሬቱ በማን እጅ እንደሆነ፣ ጢሰኛው ስንት ዕዳ እንዳለበት ተመዘገበ። ቢሮው ጉዳዩ ፖለቲካ ይነካል ብሎ ሳያሳትመው ቀረ። ዱ ቦይስ የእጅ ጽሑፉን መልሱልኝ ሲል ተቃጥሏል ወይም ተጥሏል በሚመስል መልኩ እንደጠፋ ተነገረው።

በ1910 አትላንታን ትቶ ለጥቁሮች መብት የሚታገለውን ማኅበር መጽሔት ለማዘጋጀት ኒውዮርክ ሄደ። ጣሊያን አገራችንን ስትወር በ1935 ፎሪን አፌርስ ላይ ጉዳዩ ለዓለም ጥቁሮች ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ጻፈ። በ1961 ጋና ገብቶ የአፍሪካን ኢንሳይክሎፒዲያ ሲያዘጋጅ በነሐሴ 1963 በ95 ዓመቱ አክራ ውስጥ አረፈ። በማግስቱ ዋሽንግተን ላይ ለታላቁ ሰልፍ የተሰበሰበው ሕዝብ ሞቱን ሰማ።

የፓሪሶቹ ቻርቶች ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ከስልካችሁ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ። የላውንድሱ ጥናት ግን እንደጠፋ ቀርቷል።