ዶ/ር ቶማስ ፍራንሲስ፦ ክትባትን በቁጥር የመዘኑ ሰው

ስለ ክትባት ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ክትባቱን የሠራው ሳይንቲስት ስም ነው። ክትባቱ በእርግጥ ሰውን ከበሽታ ጠብቋል ወይ ብሎ የሚመዝነውን ሰው ግን እምብዛም አናውቀውም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህንን ሥራ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ጭምር የሠሩትን የዶ/ር ቶማስ ፍራንሲስን ሕይወት ለማስቃኘት እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶ/ር ፍራንሲስ በ1900 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ጋዝ ሲቲ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በ1925 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በኒው ዮርኩ ሮክፌለር ኢንስቲትዩት በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ላይ ሲመራመሩ ቆይተው፣ በ1940 ኢንፍሉዌንዛ ቢ የተባለውን ዓይነት ለይተው አወጡ። በ1941 ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሄደው የኢፒዲሚዮሎጂ ትምህርት ክፍልን አቋቋሙ። ኋላ በፖሊዮ ክትባት ስሙ የገነነው ጆናስ ሳልክም እሳቸው ዘንድ ሠልጥኗል።

ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። በ1918 ሚሊዮኖችን የጨረሰው ወረርሽኝ ገና ከሰው አእምሮ አልጠፋም። ስለዚህ በ1943 ዶ/ር ፍራንሲስ የሚመሩት የሠራዊቱ የኢንፍሉዌንዛ ኮሚሽን አዲሱን ክትባት በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች በሚማሩ ወታደር ተማሪዎች ላይ ሞከረ። ከ12 ሺህ በላይ ወጣቶች ሲሳተፉ፣ ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ ደግሞ ክትባት የሌለበትን መርፌ ተወጉ። ብዙም ሳይቆይ ወረርሽኙ ገባ። ከተከተቡት ከመቶ 2 ያህሉ ሲታመሙ፣ ካልተከተቡት የታመሙት ከመቶ 7 ያህል ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። ባዶውን መርፌ የተወጋው ወጣት ምን በደለ? ነገር ግን ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ክትባቱ በእርግጥ ይጠቅም እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ማነጻጸሪያ ባይኖር ኖሮ ደግሞ ኋላም ማንም አያውቅም ነበር።

የሰውየው እውነተኛ ፈተና የመጣው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ1946 መጸው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ10 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተከተቡ። በዘመቻነቱ ከታየ በጣም የተሳካ ነው። በ1947 ጸደይ ኢንፍሉዌንዛ ሲገባ ግን የተከተበውም ያልተከተበውም እኩል ሊባል በሚችል መጠን ታመመ። ለካ ቫይረሱ ተለውጦ ኖሯል! ዶ/ር ፍራንሲስ የራሳቸውን ክትባት ውድቀት አልደበቁም፤ ከሳልክ ጋር ሆነው ቁጥሩን እንዳለ አሳተሙት። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ዛሬ በየዓመቱ የሚከለሰው ቫይረሱ እንዲህ ስለሚለዋወጥ ነው።

በ1954 የሳልክን የፖሊዮ ክትባት እንዲመዝኑ ሲጠየቁም በዋዛ እሺ አላሉም። በብዙ ቦታዎች ባዶ መርፌ ለማነጻጸሪያ እንዲሰጥ፣ የትኛው ልጅ ምን እንደተወጋም ወጊውም ሐኪሙም እንዳያውቁ አስደረጉ። የተማሪያቸው ሥራ ነው ብለው አላዳሉም ማለት ነው። 1.8 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት የተሳተፉበትን ውጤት ሚያዝያ 12 ቀን 1955 በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ይፋ አደረጉ፤ ክትባቱ ሽባ ከሚያደርገው ፖሊዮ በአብዛኛው ይከላከላል። ዶ/ር ፍራንሲስ በ1969 በ69 ዓመታቸው ዐረፉ።

እኛም ነገ ስለ አንድ የክትባት ዘመቻ ሪፖርት እንድንጽፍ ስንታዘዝ፣ ስንት ሰው ተከተበ በሚለው ብቻ ጨርሰን እጃችንን እንዳናጣጥፍ። በሚሺጋኑ ዘመቻ ያ ቁጥር ከ10 ሺህ በላይ ነበር፤ ተማሪው ግን ታሟል። ስንቱ ዳነ፣ ከማን ጋር ሲነጻጸር ብሎ መጠየቅ፣ መልሱ ባያስደስትም እንዳለ መጻፍ ከእሳቸው የምንማረው ነው።