ደረስጌን ያነጸው ሠዓሊ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ መንገደኛ የስሜን ተራሮችን ሲያይ ልቡ ወደ ራስ ዳሸንና ወደ ዋልያው መሄዱ የታወቀ ነው። እኛ ግን ዛሬ አንባቢዎቻችንን ከተራሮቹ ማዶ፥ በጃናሞራ ወደምትገኘው ወደ ደረስጌ ማርያም ልንወስዳቸው አስበናል። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሯት የስሜኑ ጌታ ሲሆኑ፥ ሥራውን የመራው ግን ከሩቅ አገር የመጣ ሠዓሊ ነበርና።

ሰውየው ኤድዋርድ ዛንደር ይባላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1813 ዓ.ም. በጀርመን አገር በአንሃልት ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሥዕል ተምሮ በብሩሹ ሲኖር ቆይቶ በ1847 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጣ። ከእርሱ አስቀድሞ ዕፀዋት መርማሪው ሺምፐር በ1837 ዓ.ም. መጥቶ በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ግዛት ተቀምጦ ነበር።

ደጃዝማች ውቤ ስሜንንና ትግራይን አጣምረው የያዙ፥ ዘውድም የሚያስቡ ኃይለኛ መስፍን ነበሩ። እንዲህ ያለ ጌታ ከባዕድ ባለሙያ የሚፈልገው የተራራ ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ሕንፃም ይፈልጋል። ስለዚህ ሠዓሊው ግንበኛ ሆነ፤ የደረስጌም ክብ ቤተ ክርስቲያን በእርሱ መሪነት ተሠራ። በዚያውም ኢትዮጵያዊት ሴት አግብቶ ልጅ ወለደ፤ አገሩም ስሜን ሆነ።

ነገር ግን ሰው ያስባል፥ እግዚአብሔር ይፈጽማል። በየካቲት 1855 ዓ.ም.፥ በእኛ አቆጣጠር በ1847 መሆኑ ነው፥ ደጃች ካሣ ኃይሉ ውቤን እዚያው ደረስጌ አጠገብ ድል አደረጉ። ከሁለት ቀን በኋላም አቡነ ሰላማ ካሣን ዐፄ ቴዎድሮስ ብለው ቀቡ፤ የቀቧቸውም ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አስበው ባሠሯት በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጌታው ታስሮ፥ በሠራው ቤት የጌታው ጠላት ሲነግሥ፥ የዛንደርን ልብ ምን እንደተሰማው ማን ያውቃል!

አዲሱ ንጉሥ ግን ባለሙያ አይጥሉም ነበርና ዛንደር ወደ ቴዎድሮስ አገልግሎት ገባ። በዚያ ቤተ መንግሥት ከብሩሽ ይልቅ የጦር መሣሪያ ይከበር ነበር። ሴት ልጁን ካታሪናን ያገባትም ለንጉሡ መድፍ ከሚያቀልጡት አንዱ፥ ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል ነው። በሚያዝያ 1868 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ዛንደር ከሌሎቹ አውሮፓውያን ጋር ነጻ ወጣ፤ ሆኖም አገሩን ሳያይ በዚያው ዓመት ምፅዋ ላይ ሞተ። ከካታሪና ልጅ ከማግዳሌና ዘር ዝነኛው የፊልም ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖቭ መወለዱን ብዙዎች አያውቁም።

እኛ ከዚህ ሕይወት የምንማረው አንድ ነገር ነው። ሰው ሙያውን እንደ ጊዜው ይለውጥ ይሆናል፤ ጌታውንም ጊዜ ይለውጥበታል። ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ደረስጌ ግን የአሠሪዋ ምኞት ከከሸፈ በኋላም ይቀደስባታል። ወደ ደባርቅ የሚወጣ አንባቢ ከዋልያው ቀጥሎ ይህን ሠዓሊ ቢያስታውስ ደስ ይለናል።