ክፉውን ዘመን የጻፈው ጆርጅ ኦርዌል

ደስታ የሌለበትን፣ መጨረሻውም የማያምር ልብ ወለድ ሰው ለምን ወዶ ያነባል? ይህ ጥያቄ በእኛ በዕጩ መምህራን መካከል ብዙ ጊዜ ያከራክራል። እኛም መልሱን በአንድ ደራሲ ሕይወት ውስጥ ፈልገን ያገኘነውን ለአንባብያን እነሆ እንላለን።

የተወለደበት ስሙ ኤሪክ አርተር ብሌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 በሕንድ አገር፣ በሞቲሃሪ ከተማ ተወለደ። አባቱ የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሠራተኛ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ወደ እንግሊዝ አገር ወሰደችው። ኢተን በሚባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ በርማ ሄዶ ፖሊስ ሆነ። አንድ ሕዝብ ሌላውን ሲረግጥ አምስት ዓመት ከውስጥ ሆኖ አየና ሥራውን ጥሎ ወጣ።

ከዚያ በፓሪስ ሆቴል ሳህን አጠበ፤ በለንደንም ቤት ከሌላቸው ጋር አደረ። ይህንኑ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1933 ሲያሳትም ጆርጅ ኦርዌል የሚለውን የብዕር ስም ያዘ። እኛን ደስ የሚለን ደግሞ በ1932 እና በ1933 በለንደን አካባቢ በሁለት ትምህርት ቤቶች ማስተማሩ ነው። የሳንባ ምች ባይጥለው ኖሮ ምናልባት ይቀጥል ነበር።

በ1936 መጨረሻ ፋሺስቶችን ሊዋጋ ወደ ስፔን ዘመተ። በ1937 ጉሮሮውን በጥይት ተመትቶ ለጥቂት ተረፈ። ከጥይቱ ይበልጥ ግን የጋዜጣው ነገር አስደነገጠው። ያልተደረገ ውጊያ ተደረገ ተብሎ ሲጻፍ፣ አብረውት የተዋጉትም ከሃዲ ሲባሉ አየ። ከ1941 እስከ 1943 በቢቢሲ ሬዲዮ ሲሠራ ደግሞ በጦርነት ጊዜ ጽሑፍ በሳንሱር እንዴት እንደሚያልፍ ተማረ።

በ1945 «የእንስሳት እርሻ»ን አሳተመ፤ ከዚያ በፊት ብዙ አሳታሚዎች መልሰውበት ነበር። በዚያው ዓመት ሚስቱ ሞተችበት። በሳንባ ነቀርሳ እየተሠቃየ፣ ጁራ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት «1984»ን ጻፈ። የሚተይብለት ሰው ስላልተገኘ አልጋው ላይ ሆኖ ራሱ ተየበው። መጽሐፉ በ1949 ወጣ። እሱም በጥር 1950 በ46 ዓመቱ አረፈ።

ታዲያ ይህ መጽሐፍ ምኑ ይወደዳል? የታሪኩ ሰው ዊንስተን ስሚዝ ሥራው የቆዩ ጋዜጦችን እንደ አለቆቹ ፍላጎት ማስተካከል ነው። ጓደኛው ደግሞ ቃላትን ከመዝገበ ቃላት እየቀነሰ ያጠፋል፤ ቃሉ ከሌለ ሐሳቡም እንዳይኖር ነው። እንግዲህ የሚያስፈራው ጭራቅ አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ተራ ሥራ ነው። ኦርዌል ያየውን ነው ያሰፋው እንጂ ከባዶ አልፈጠረውም። አንባቢም ሲያነበው፣ በልቡ እየጠረጠረ ስም ያጣለትን ነገር ስሙን ያገኛል። ስሙን ካወቀው ደግሞ ሲመጣ ይለየዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በአሜሪካ መጽሐፉን ሰው እንደ አዲስ ሲሻማበት የነበረውም በዚሁ ምክንያት ይመስለናል።

እኛ ነገ ለሕፃናት ቃል ልናስተምር የምንሄድ ነን። ውሸት የሚለውን ቃል ከነትርጉሙ የያዘ ልጅ፣ ሲዋሹት ውሸት ነው ማለት ይችላል። ቃሉን ያላገኘ ልጅ ግን ዝም ይላል። ስለዚህ በፊደል ገበታ ፊት ስንቆም የያዝነው ሥራ ቀላል አይምሰለን።